ቀና ብዬ አይቼ ነበር፤ ብስክሌተኛውን ግን አላየሁትም

ጠያቂ፦ ከድልድዩ ማዶ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምጽፈው ነገሩ እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው። ባሕር ዳር ነው የምኖረው፤ ከዓባይ ድልድይ ማዶ። ዕድሜዬ 47 ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ 19 ዓመት ሆኖኛል። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ሰው ነክቼ አላውቅም ነበር። ያለፈው ሐሙስ ነካሁ።

ከአራት ወር በፊት አሮጌዋን መኪናዬን ሸጬ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ብዙ ሰው ወደዚያው እየሄደ እንደሆነ ታውቃላችሁ። መኪናዋን እወዳታለሁ። የነዳጅ ሰልፍ ቀረልኝ፣ ድምፅ የላትም፣ ምቾቷም ጥሩ ነው። ግን ዳሽቦርዷ ላይ አንድ ትልቅ ስክሪን እንጂ ቁልፍ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ኤሲው፣ ማራገቢያው፣ ሬዲዮው፣ የስፖኪዮው ማስተካከያ ሳይቀር እዚያ ስክሪን ውስጥ ነው። ግማሹ ጽሑፍ ደግሞ ቻይንኛ ነው። እኔ በሥዕሉ እየገመትኩ ነው የምነካው።

ሐሙስ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ባለቤቴን ሥራ ላደርሳት ወጣን። ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረ ነው፤ ያኔም አላባራም። ባትሪ እንዲቆጥብ ብዬ ኤሲውን አጥፍቼዋለሁ። መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነው። ድልድዩን ተሻግረን ትንሽ እንደሄድን የፊት መስታወቱ በጉም ተሸፈነ።

በድሮዋ መኪናዬ ቢሆን ምንም ማለት አልነበረም። ክብ ነገር ነበረ፤ ወደ ቀኝ ማዞር ብቻ ነው። እጄ ጨለማ ውስጥ እንኳ አይስተውም። በዚህችኛዋ ግን መጀመሪያ ታች ያለችውን የማራገቢያ ሥዕል ትነካለህ። ሌላ ገጽ ይከፈታል። እዚያ ውስጥ ሁለት የሚመሳሰሉ ሥዕሎች አሉ። አንዱ የፊት መስታወት ነው፣ አንዱ የኋላ። የኋላውን ነካሁ። ቀና ብዬ መንገዱን አየሁ። ተመልሼ ስክሪኑን አየሁና ትክክለኛውን ፈለግሁ። እንደነካሁት ባለቤቴ ጮኸች።

ዳቦ የሚያደርስ ልጅ ነው። ከቀኝ በኩል ካለች ቅያስ ወጥቶ መንገዱን ይዟል። ከኋላው ሁለት ሰማያዊ የፕላስቲክ ሣጥን ደራርቦ በጎማ ገመድ አስሯል። ፍሬን ያዝኩ፤ አስፋልቱ ርጥብ ነበርና ተንሸራተተች። ፍጥነቴ 35 አካባቢ ነበር፤ የብስክሌቱን የኋላ ጎማ የነካሁት ልትቆም ስትል ነው። ልጁ በጎኑ ወደቀ። ዳቦው ተበተነ። ገና ትኩስ ስለነበር ዝናቡ ውስጥ ሆኖ እንፋሎቱ ይታያል። ልጁ ተነስቶ መጀመሪያ ያደረገው ዳቦውን መልቀም ነው። ክርኑ እየደማ።

ክሊኒክ ወሰድነው። ለትራፊክ አሳወቅን። እግዚአብሔር ይመስገን አጥንቱ አልተነካም፤ ክርኑን አጥበው ጠቀለሉለት። የዳቦውንም የብስክሌቱንም ከፈልኩ።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ባለቤቴ ማታ ያለችኝ ነገር ነው። «እኔ እኮ ልጁን ቀድሜ አይቼዋለሁ። አንተም ቀና ብለህ ስታየው አይቻለሁ። አይቶታል ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለችኝ። እውነቷን ነው። ቀና ብያለሁ። ልጁም እዚያው ነበር። እኔ ግን በአእምሮዬ ውስጥ ልጅ የሚባል ነገር የለም፤ ባዶ መንገድ ነው ያየሁት።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ሰው ቀና ብሎ እያየ እንዴት አያይም? ዕድሜዬ ነው? መኪናዋ ናት? ወይስ እኔ ነኝ? ልሸጣት ሁሉ አስቤያለሁ። የምታውቁ ንገሩኝ።


መልስ 1፦ የወረታ መንገድ

ወንድም ዓለም፣ እንኳን አተረፋችሁ። አንተንም ልጁንም።

እኔ 26 ዓመት ከባሕር ዳር ወረታ ሚኒባስ የሠራሁ ሰው ነኝ። ስለ ስክሪን ብዙ አላውቅም። ስለ ዓይን ግን አውቃለሁ። እኔ ዓይኔን መንገድ ላይ አቆይቼ የኖርኩት ረዳት ስላለኝ ነው። ሂሳብ እሱ ይሰበስባል፣ በር እሱ ይዘጋል፣ ወራጅ እሱ ይሰማል፣ ስልኬ ሲጮህ እሱ ያነሳል። ሹፌር ብቻውን ሲሆን ነው የሚበላሸው።

አንድ ቀን ረዳቴ ታሞ ብቻዬን ወጣሁ። የገበያ ቀን ነው። ሐሙሲት ልገባ ስል ከጎኔ የተቀመጡ ተሳፋሪ መልስ ጠየቁኝ። አንድ እጄን ከመሪ አንስቼ ብሩን ጭኔ ላይ ቆጠርኩ። አምስት ብር ኖቶች ናቸው፤ ብዙ ጊዜ አይፈጅም ብዬ ነው። ቀና ስል እህል የተጫነ አህያ ፊቴ ላይ ቆሟል። ከአህያው ጎን አንዲት እናት ነበሩ። በግራ አልፌ ዳነሁ። ከፊት የሚመጣ መኪና ቢኖር ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍልህም። ከዚያ ወዲህ መኪና ሳይቆም መልስ ሰጥቼ አላውቅም። ተሳፋሪ ቢቆጣም ይቆጣ።

ስለ ጉሙ ልንገርህ። በዝናብ ጊዜ ኤሲ አጥፍተህ፣ መስኮት ዘግተህ፣ ሁለት ሰው ሆናችሁ ስትተነፍሱ መስታወቱ ቢሸፈን አይግረምህ። የትንፋሹ እርጥበት ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ነው የሚያርፈው። ኤሲ ማቀዝቀዝ ብቻ አይደለም ሥራው፤ አየሩን ያደርቃል። አየሩ ከውጭ እንዲገባ አድርግ እንጂ የውስጡን መልሰህ አታዙረው። የሁለቱንም በር መስታወት አንድ ጣት ያህል ዝቅ ማድረግም ያግዛል። ይህን ሁሉ ደግሞ ከግቢ ሳትወጣ አድርገው። ለባትሪ ብለህ ዓይንህን አትሸፍን።


መልስ 2፦ አሰልጣኟ

ወንድሜ፣ ባለቤትህ የተናገረችውን ሳነብ ደነገጥኩ፤ ምክንያቱም እኔም ከተማሪዎቼ ጎን ተቀምጬ በየቀኑ የማየው ነገር ነው። መንዳት ማስተማር ከጀመርኩ 14 ዓመቴ ነው። ተማሪው አንገቱን ያዞራል፣ ስፖኪዮውን ያያል፣ ቀና ይላል። «ምን አየህ?» ስለው ይጠፋዋል። አንገት ዞረ ማለት ዓይን አየ ማለት አይደለም።

መኪናው ቆሞ ሳለ ለተማሪዎቼ የማሳያቸውን ላሳይህ። አሁኑኑ አድርገው። ክንድህን ወደፊት ዘርጋና አውራ ጣትህን አቁም። ጥፍርህን እየው። አጥርቶ የሚያየው የዓይንህ ክፍል የሚሸፍነው ያንን ጥፍር ያህል ቦታ ነው፤ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ከዚያ ውጪ ያለው ሁሉ የሚታይህ ይምሰልህ እንጂ ደብዛዛ ነው። ጥፍርህን እያየህ ከጎኑ ያለ ጽሑፍ ለማንበብ ሞክር፤ አትችልም። የዓይን ጠርዝ እንቅስቃሴና ብርሃን ይይዛል። ምንነቱን አይለይም።

አሁን ወደ ሐሙስ ጠዋት እንመለስ። ስክሪንህ ከመሪው በስተቀኝ፣ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ነው ያለው አይደል? እሱን ስታይ መንገዱ በሙሉ ወደ ዓይንህ ጠርዝ ሄደ። ቀና ስትል ደግሞ ዓይንህ የሄደው ሁልጊዜ ወደሚሄድበት ነው፤ ወደ መንገዱ መሃል፣ መኪና ወደሚመጣበት። ልጁ ያለው በቀኝ ነው። ሰማዩ ግራጫ፣ አስፋልቱ ግራጫ፣ መስታወቱ የተሸፈነ። በዚያ ላይ ሐሳብህ ገና «ከሁለቱ ሥዕሎች የትኛው ነው?» ላይ ነው። አንገትህ ከስክሪኑ ተነስቷል፤ ልብህ አልተነሳም። አየህ? አንተ ቀና ያልከው መንገዱን ልታይ ሳይሆን ተመልሰህ ስክሪኑን ለማየት ፈቃድ ለማግኘት ነው። ይህን የምልህ ልወቅስህ አይደለም። እኔም አድርጌዋለሁ።

19 ዓመት መንዳትህ እዚህ ላይ ሁለት መልክ አለው። አዲስ ተማሪ አፍንጫው ሥር ነው የሚያየው፤ የመኪናውን ኮፈን ተሻግሮ ትንሽ። እኔ በጣና ዳሩ መንገድ ሳስተምር «እስከ ሦስተኛው ዘንባባ ድረስ እይ» እላለሁ። አሁን ያለንበትን ዘንባባ ተወው፣ ቀጣዩንም ተወው፣ ሦስተኛውን እይ። በሁለት ሳምንት ይለምዱታል። አንተ ይሄ አለህ። ግን ብዙ የነዳ ሰው የሚያየው የሚጠብቀውን ነው። ያ መንገድ በዚያ ሰዓት ባዶ እንደሆነ ለዓመታት ታውቀዋለህ። አእምሮህ ያሳየህ የምታውቀውን ባዶ መንገድ ነው።

ስለ ዕድሜ ጠይቀሃል። የማንበቢያ መነጽር ታደርጋለህ? ከ40 በኋላ ዓይን ከሩቅ ወደ ቅርብ፣ ከቅርብ ወደ ሩቅ ሲቀይር ይዘገያል። ስክሪኑ ላይ ያለው ትንሽ ሥዕል እስኪጠራልህ ትቆያለህ፤ ቀና ስትልም መንገዱ እስኪጠራ እንደዚያው። በድሮዋ መኪናህ ይህ አይታወቅህም ነበር፤ እጅህ ነበር የሚሠራው። እና ዕድሜህ ጥፋት የለበትም። ያቺ ክብ ነገር ስትጠፋ ነው ዕድሜህ ሥራ ውስጥ የገባው። ለማንኛውም ዓይንህን ተመርመር።

ዓይንህ ከመንገዱ ለሁለት ሰከንድ ብቻ ቢነሳ ምን ያህል መንገድ እንደምትሄድ ልንገርህ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስትሄድ በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ትሄዳለህ። በሁለት ሰከንድ 22 ሜትር። አራት ሚኒባስ አንዱን ካንዱ ኋላ አሰልፈህ እየው። ያን ያህል መንገድ ዓይንህን ጨፍነህ ሄድክ ማለት ነው። ባሕር ዳር ደግሞ የብስክሌት ከተማ ናት። አዲሱ ድልድይ ላይ ለብስክሌተኛ የተለየ መሥመር አለ፤ ከዚያ ወርደህ መሃል ከተማ ስትገባ ግን ብስክሌቱም፣ ባጃጁም፣ እግረኛውም፣ አንተም አንድ ላይ ናችሁ።

መኪናዋን አትሽጣት። ይልቅ አንድ ሥራ ልስጥህ። ግቢህ ውስጥ አቁመህ ዓይንህን ጨፍን። ባለቤትህ እየጠራች ታዝህ፤ «ፍሬቻ ግራ፣ ዝናብ መጥረጊያ፣ ክላክስ፣ ረጅም መብራት፣ የፊት መስታወት ማድረቂያ።» እጅህ ዓይንህን ሳይጠይቅ ያገኘውን እየሄድክ መንካት ትችላለህ። ያላገኘውን እየሄድክ አትነካውም። በቃ። ስክሪኑ ለስላሳ ነው፤ ጣት የሚይዘው ጠርዝ የለውም። እጅህ መቼም አይለምደውም።

ባለቤትህ አብራህ ስትሆን ስክሪኑ የሷ ይሁን። ከላይ ጋሼ ስለ ረዳት ያሉት ትክክል ነው። ብቻህን ስትሆን መኪናው በድምፅ የሚታዘዝ ከሆነ በድምፅ እዘዘው፤ ያ ይሻላል።

ማታ ማታ ደግሞ የስክሪኑን ብርሃን ቀንስ። በዘንዘልማ በኩል ስትወጣ ጨለማ ነው። ደማቅ ስክሪን ያየ ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ጊዜ ይወስድበታል፤ በጥቁር ጋቢ የሚሄድ ሰው ደግሞ አይጠብቅህም።


መልስ 3፦ ባጃጅ ነኝ

ከላይ ያላችሁት ሁሉ ልክ ነው። እኔ ከሌላኛው ወገን አንድ ነገር ልጨምር። የኤሌክትሪክ መኪና ድምፅ የለውም። እኛ ባጃጅ ላይ ሆነን፣ በተለይ በዝናብ ሸራውን ከጎንና ጎን ስናወርድ፣ ግማሹን በጆሮ ነው የምንነዳው። ብስክሌተኛውም እንደዚያ ነው። ከኋላ ሞተር ሲሰማ ጠርዝ ይይዛል። ልጁ ከቅያሷ ሲወጣ ምንም ስላልሰማ ነው የወጣው፤ እኔ እንደዚያ ነው የሚመስለኝ። ስለዚህ ጋሼ፣ አንተ ካላየኸው እሱም አልሰማህም። ሁለታችሁም አንዳችሁ ስለ አንዳችሁ ምንም ሳታውቁ ነው የተገናኛችሁት።

እኔም ስልኬን መሪው ላይ ነበር የማስረው። ደንበኛ ይደውላል፣ አያለሁ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ፈትቼ ኪሴ ከትቼዋለሁ። ያመለጠኝን ስቆም እደውላለሁ።


መልስ 4፦ ፖሊ አካባቢ

እኔ ማስተማር ነው ሥራዬ፤ የተማርኩትም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። አሰልጣኟ ከልምዷ የጻፈችው ላይ የምጨምረው ጥቂት ነው። አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም፤ ወደ መጨረሻ እመለስበታለሁ።

«አይቶ አለማየት» የተጠና ነገር ነው። በ1999 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ዳንኤል ሳይመንስና ክሪስቶፈር ሻብሪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ሰዎች አንድ ሙከራ አሳተሙ። ሰዎች ኳስ ሲቀባበሉ የሚያሳይ ቪዲዮ አለ። ተመልካቹ ነጭ የለበሱት ስንት ጊዜ እንደተቀባበሉ እንዲቆጥር ይነገረዋል። መሃል ላይ የጎሪላ ልብስ የለበሰ ሰው ገብቶ፣ ቆሞ ደረቱን መትቶ ይወጣል። ግማሽ ያህሉ ተመልካች ጎሪላውን አላየውም። ዓይናቸው አልተጨፈነም፤ ስክሪኑ ላይ ነበር። ሐሳባቸው ግን ቆጠራ ላይ ነው። አንተም ሐሙስ ዕለት ቆጠራ ላይ ነበርክ፤ የቆጠርከው ሥዕል ነው። ስለዚህ «ጤነኛ ሰው ነኝ ወይ?» ብለህ አትጨነቅ። የሰው ልጅ አእምሮ እንዲህ ነው የሚሠራው።

አሁን ሁለት ሰከንዱ ከየት እንደመጣ። ጆን ሴንደርስ የተባለ ተመራማሪ በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ አንድ የራስ ቁር ሠራ። ፊቱ ላይ መጋረጃ አለው፤ መጋረጃው እየወረደ ዓይንን ይሸፍናል፣ ተመልሶ ይነሳል። ያንን አጥልቆ ራሱ እውነተኛ አውራ ጎዳና ላይ ነዳ። ሊመልሰው የፈለገው ጥያቄ ቀላል ነው፦ ሹፌር መንገዱን በየስንት ጊዜው ማየት አለበት? ያገኘውም እንዲህ ነው። ፍጥነት ሲጨምር ወይም መንገዱ ሲወሳሰብ፣ ዓይን ሳያዩ መቆየት የሚቻልበት ጊዜ ያጥራል። ጥናቱ የታተመው በ1967 ነው። ዛሬም የመኪና ውስጥ ስክሪን ከሚፈተንባቸው ዘዴዎች አንዱ ከዚያ የወጣ ነው። ተፈታኙ ለ1.5 ሰከንድ የሚከፈት፣ ለ1.5 ሰከንድ የሚዘጋ መነጽር ያደርጋል፤ ሥራውን በእነዚያ ቁርጥራጭ ዕይታዎች መጨረስ ይችላል ወይ ተብሎ ይታያል። ያንተ መኪና «የፊት መስታወት» ሥዕል በዚያ መነጽር ብትፈተን እንዴት እንደምትወጣ መገመት አያቅትም።

ቨርጂኒያ ቴክ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሠራው፣ በ2006 ውጤቱ የወጣ ጥናትም አለ። 100 መኪኖች ላይ ካሜራ ገጠሙና ሰዎች የዘወትር ኑሯቸውን እየኖሩ ለአንድ ዓመት ያህል ነዱ። ግጭቶቹ ሲመረመሩ 80 በመቶ በሚሆኑት ሹፌሩ ነገሩ ከመፈጠሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ዓይኑን ከፊቱ አንስቶ ነበር። ዓይን ከመንገድ ከ2 ሰከንድ በላይ ሲነሳ ደግሞ አደጋው ቢያንስ በእጥፍ ይጨምራል። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት በ2013 ለመኪና ፋብሪካዎች ያወጣው መመሪያም ከዚህ ጋር ይሄዳል፤ አንዱ ዕይታ ከ2 ሰከንድ፣ ሥራው በጠቅላላው ከ12 ሰከንድ እንዳያልፍ ይላል። መመሪያ ነው እንጂ ግዴታ አይደለም።

መኪናዋ ጥፋት አለባት ወይ ላልከው፣ አዎ አለባት። ይህን የምለው አንተን ነጻ ለማውጣት አይደለም። ቁልፍ ርካሽ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ሽቦና ቦታ ይፈልጋል። ስክሪን ሁሉንም ይውጠዋል። አውሮፓ ውስጥ መኪኖችን በኮከብ የሚመዝነው ዩሮ ኤንካፕ ከ2026 ጀምሮ ፍሬቻ፣ የአደጋ ጊዜ መብራት፣ ክላክስ፣ ዝናብ መጥረጊያና የአደጋ ጥሪ የሚዳሰስ ቁልፍ ከሌላቸው ሙሉ ነጥብ አልሰጥም ብሏል። እዚያ ዝርዝር ውስጥ የመስታወት ማድረቂያ የለም። ክረምት ለሚከብድበት አገር ሹፌር መኖር ነበረበት እላለሁ።

አሁን ወደማልስማማበት። በድምፅ ማዘዝ ይሻላል መባሉን እፈራለሁ። ዓይን መንገዱ ላይ ይቆያል፤ ልክ ነው። ሐሳብ ግን አይቆይም፤ ጎሪላው ያለፈው ዓይናቸው በተከፈተ ሰዎች ፊት ነው። ዩታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዴቪድ ስትሬየር የመራው ቡድን በ2015 ባወጣው ጥናት ሹፌሩ በድምፅ ማዘዙን ከጨረሰ በኋላ እንኳ ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ ወደ መንገዱ እስኪመለስ እስከ 27 ሰከንድ ሊወስድ እንደሚችል አሳይቷል። እጅ ሳይዝ በጆሮ ማዳመጫ ስልክ ማውራትም እንደዚያው ነው። እጅ አልያዘም ብለን የጆሮውን ነጻ አድርገን ማየት የለብንም። ደግሞ የነዚህ መኪኖች ድምፅ ማዘዣ ብዙውን ጊዜ አማርኛ አይሰማም። በማያውቁት ቋንቋ ሦስት ጊዜ እየደጋገሙ ማዘዝ ከስክሪኑም ይብሳል።

አንድ ነገር ሥራ። መኪናዋ ቆማ ሳለ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ተነስተህ የፊት መስታወቱን ማድረቂያ እስክትከፍት ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅብህ በስልክህ ለካ። ከዚያ እዚህ ተመልሰህ ንገረን።


አሰልጣኟ

እውነት ነው፤ ተቀብያለሁ። የድምፁን ነገር ሳስበው ተማሪዎቼም ከእኔ ጋር እያወሩ መዞሪያ ሲያልፍባቸው አይቻለሁ። ዓይናቸው መዞሪያው ላይ ነበር። ከነገ ጀምሮ አደባባይ ስንጠጋ እኔም ዝም እላለሁ።


ጠያቂ፦ ከድልድዩ ማዶ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለአራት ቀን ያልጻፍኩት ያዘዛችሁኝን ሁሉ እስክሠራ ነው።

መጀመሪያ ዓይን መጨፈኑን ሠራሁ። እትዬ፣ እንዳሉት ግቢ ውስጥ አቁሜ ባለቤቴ ጠራችልኝ። ፍሬቻ አገኘሁ፣ ዝናብ መጥረጊያ አገኘሁ፣ ክላክስ አገኘሁ። «የፊት መስታወት» ስትል እጄ ስክሪኑ ላይ ተንሸራተተና ሬዲዮ ከፈትኩ። ደግሜ ሞከርኩ፤ የመቀመጫ ማሞቂያ። ዓይኔን ገልጬ ሁለታችንም ተያየን። ከዚያ ቀን ጀምሮ አብራኝ ስትሆን ስክሪኑ የሷ ነው። ብቻዬን ስሆን ዳር ይዤ እቆማለሁ።

የማንበቢያ መነጽር አለኝ፤ ለመንዳት አድርጌው አላውቅም። ቅዳሜ ዓይን ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዣለሁ።

ጋሼ፣ ኤሲውን አሁን ከግቢ ሳልወጣ ነው የምከፍተው። አየሩንም ከውጭ አድርጌዋለሁ። ዕድሜ ይስጥዎት፤ እስካሁን መስታወቱ አልተሸፈነም።

አንተ ለካ ያልከኝን ለካሁ። 11 ሰከንድ። ቆሜ፣ ሳልጣደፍ፣ የኋላውን ሥዕል ሳልሳሳት ነው። ሐሙስ ዕለት ተሳስቻለሁ፤ ከዚያ ሳይበልጥ አይቀርም። ከዚያ በኋላ የጎረቤቴ ልጅ ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ ማድረቂያውን የመጀመሪያው ገጽ ላይ አወጣልኝ፤ አሁን 3 ሰከንድ ሆኗል። እሱም ቢሆን ከሁለቱ ሰከንድ ስለሚያልፍ እየሄድኩ አልነካውም።

በ35 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 11 ሰከንድ 107 ሜትር ነው። ትናንት ጠዋት በእግሬ ወደዚያው መንገድ ሄድኩ። ልጁ ከወደቀበት ቦታ ተነስቼ 107 ሜትር ወደ ኋላ በእርምጃ ቆጠርኩ። ከዚያ ዞሬ ቀስ ብዬ ተመለስኩ። መጀመሪያ የጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ አለች፤ ሸራዋ እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ይደርሳል። ከሷ ቀጥሎ ባጃጆች ተሰልፈው ሰው ይጠብቃሉ። ሁለት ሕጻናት የደንብ ልብስ ለብሰው እጅ ለእጅ ተያይዘው ሊሻገሩ ቆመዋል። የመጀመሪያዋ ቅያስ። የብስክሌት ጠጋኝ፤ ጎማ ገልብጦ ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋ ይፈልጋል። ሁለተኛዋ ቅያስ። የዳቦ ቤቱ በር እዚያ ውስጥ ነው፤ ሽታው እስከ መንገዱ ይመጣል።

ልጁ ሣጥኖቹን እያሰረ ነበር። ክርኑ ላይ ያለው ፋሻ ተቀይሯል። አንዱን የጎማ ገመድ ያዝኩለት። «ጋሼ፣ ትንሽ ላላ አድርገው፤ ዳቦው ይጨፈለቃል» አለኝ። አላላሁለት።